የሕዝብ መኪና የትኛዋ ነበረች?

ባለፈው ሰሞን ቡራዩ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ሁለት አዛውንቶች ተካረው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። ጠባቸው የመሬት አይደለም፤ የፖለቲካም አይደለም። "ቮልስ ትበልጣለች!" "የለም፣ ሰይቼንቶ ትበልጣለች!" ነው ነገሩ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ቮልሳቸውን ለዓመታዊ ምርመራ ሊያሰናዱ መጥተዋል። ሌላኛው በደጉ ጊዜ የሰይቼንቶ ታክሲ ሾፌር ነበሩ፤ አሁን መኪና የላቸውም። ጋራዡ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ የሰው መኪና ሲፈታና ሲገጠም አስተያየት መስጠት ነው ሥራቸው። እኔም ያችን አስቸጋሪ ቮልሴን ይዤ እዚያው ተገኝቼ ነበርና ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን!"

እንግዲህ አስቡት። እኔ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። መኪና ትዝ የሚለኝ መንገድ ላይ ሲቆምብኝ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ዳኝነት ሲጠይቅ "አላውቅም" ብሎ መሄድ ነውር ነው። "ቀጠሮ ስጡኝ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ስመላለስ፣ ከጋራዥ ጋራዥ ስዞር፣ መጽሐፍም ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ይህ ጽሑፍ ፍርዱ ነው።

ክርክሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖችም አላቸው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1964 ማስታንግን አወጣ፤ ጄነራል ሞተርስ በ1966 ካማሮን ይዞ ብቅ አለ። ይኸው ስልሳ ዓመት ገደማ አንዱ ወገን ለማስታንግ፣ ሌላው ወገን ለካማሮ ይሟገታል። መመዘኛቸው ሁለት ነው። አንደኛው አቅም ነው፦ ጉልበቷ ስንት ነው? ከቆመችበት ተነስታ ምን ያህል ትፈተለካለች? ሁለተኛው "እንደ ቅርስ ብትቀመጥ ስንት ታወጣለች?" የሚል ነው፦ ስንት ተሠርተው ስንት ቀሩ? የሞተሯና የሻንሲዋ ቁጥር ይገጥማል? ማን ነድቷታል? እኔም የእኛዎቹን ሁለት መኪኖች በነዚሁ ሁለት ሚዛኖች ልመዝናቸው ወሰንኩ። የእኛዎቹ ከአሜሪካኖቹ ጋር የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ባለ ሁለት በር መሆናቸው ነው።

መጀመሪያ አቅም።

ቮልስን ፈርዲናንድ ፖርሽ በሂትለር ዘመን ነደፋት፤ ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሹማምንት የፈራረሰውን ፋብሪካ አስነስተው ነፍስ ዘሩባት። እኔ የማውቃት ባለ 1200 ሲሲዋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠራችው፣ 34 የፈረስ ጉልበት አላት። ክብደቷ 760 ኪሎ ገደማ ሲሆን ቢበዛ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ሰይቼንቶን የነደፈው ደግሞ ዳንቴ ጃኮሳ የተባለ የፊያት መሐንዲስ ነው። መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1955 ጄኔቫ ላይ ነው። ስሟ በጣልያንኛ "ስድስት መቶ" ማለት ነው። ሞተሯ 633 ሲሲ፣ ጉልበቷ 21 ተኩል ፈረስ ነበር፤ በ1960 ወደ 767 ሲሲ አድጎ ጉልበቷ 29 ገደማ ደረሰ። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ20፣ ክብደቷ 600 ኪሎ አካባቢ ነው። የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው።

"34 ከ29 ይበልጣል፤ በቃ ቮልስ አሸነፈች" ለማለት አትቸኩሉ። ስሌቱን አብረን እንሥራው። ባዶዋን ስትሄድ የቮልስ አንድ ፈረስ 22 ኪሎ ይጎትታል፤ የኋለኛዋ ሰይቼንቶ ፈረስ ግን 21 ኪሎ ብቻ። አራት ሰው ስትጭኑባቸው ሁለቱም ወደ 30 ኪሎ ተኩል ይደርሱና እኩል ይሆናሉ። የቡራዩው የቀድሞ ሾፌር ይህን ስነግራቸው እንዴት እንደተደሰቱ ብታዩ!

ነገር ግን ወረቀት ሌላ፣ ዳገት ሌላ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጀርመን ፋብሪካ ውስጥ 34 የነበረው ፈረስ እኛ ዘንድ 25 ገደማ ሆኖ ይቀራል፤ የሰይቼንቶም 29 ወደ 22 ይወርዳል። ሌላም ጣጣ አለ። ውሃ በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ሰይቼንቶ በውሃ የምትቀዘቅዝ መኪና ናት።

ይህን እኔ ፊዚክስ ሳልማር በፊት ነው ያወቅሁት፤ አባቴ የሰይቼንቶ ታክሲ ሾፌር ነበር። አንዳንድ እሁድ እኛን ልጆቹን ጭኖ ሱሉልታ ዘመድ ቤት ይወስደናል፤ ስንመለስ ቅቤ አናጣም። ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን የእንጦጦ ዳገት ስንጀምር ጨዋታችን ይቆማል። ሁላችንም ጆሯችንን ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ እናደርጋለን። ዳገቱ መሐል ላይ አባቴ ዳር ይይዝና "ውረዱ!" ይላል። የእኔ ድርሻ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ማድረግ ነው። እሱ የኋላ ክዳኗን ከፍቶ ጀሪካኑን ይዞ ይጠብቃል። ትኩስ ራዲያተር አይከፈትም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። እንፋሎቱ ሲበርድ ውሃ ይጨምርላታል፤ እንደገና እንጓዛለን። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት ቮልስ በአጠገባችን ጢር እያለች ታልፍ ነበር!

ቮልስ ራዲያተር የላትም። የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያ የሚነፋው አየርና ዘይቷ ነው። የሌለ ውሃ ደግሞ አይፈላም። በዚያ ላይ ሞተሯ ብዙ ሳይጮህ፣ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ማውጣት ይችልበታል። እንከን የለሽ ግን አይደለችም። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር ነፋስ ይሻማዋል፤ ስለዚህ ባልቦላ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚቃጠለው የዚያኛው ነው። የማራገቢያው ቺንጊያ ከተበጠሰ ደግሞ ቶሎ ካላቆማችኋት ሞተሩ ይነክሳል። ያም ሆኖ የሱሉልታን ዳገት ብይን ለቮልስ ሰጥቻለሁ። መርካቶ ውስጥ፣ በሸክምና በሰው መሐል ሰርጎ ለመውጣት ግን ከሰይቼንቶ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሲሶ ሜትር በምታህል ክፍተት ዞራ ትወጣለች ብል ግነት ነው፤ ግን ሩቅ ግነት አይደለም።

ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር የድሮ ሙያዬ ሆነና ከሞተሩ ይልቅ ቋንቋው ሳበኝ። የሰበታው መካኒክ የጀርመኗን ቮልስ እየፈታ ለረዳቱ ምን እያለ እንደሚያዝዘው ስሙ፦ "ካንዴላውን አውጣ፣ ቺንጊያውን አላላ፣ ፍሪሲዮኑን እይ፣ ማርሚታው ተቀዷል፣ ክሪኩን አምጣ፣ ፍሬቻው አይሠራም፣ ፓራፋንጎውን እጠበው።" አንዱም ቃል ጀርመንኛ አይደለም። ሁሉም ጣልያንኛ ነው! ፋሺስት ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በካሚዮንና በመንገድ ሥራ ያመጣብንን ቋንቋ ወታደሩ ሲባረር መካኒኩ አስቀረው፤ በኋላ የመጡት ፊያቶች አደሱት። ስለዚህ ቮልስ ዕድሜ ልኳን እኛ ዘንድ የኖረችው በተቀናቃኟ ቋንቋ እየታከመች ነው። ሰይቼንቶ ከመንገድ ጠፍታ ቋንቋዋ ቀርቷል።

ስማቸውንም እዩት። "ፎልክስቫገን" ማለት የሕዝብ መኪና ማለት ነው። እኛ ግን "ቫገን" የሚለውን፣ ማለትም መኪናውን ጥለን "ቮልስ" ብለን ሕዝቡን ብቻ አስቀረን። ታዲያ በዚች የሕዝብ መኪና የሚሄደው ማን ነበር? የመሥሪያ ቤት ኃላፊው፣ የውጭ አገር ሚሲዮናዊው፣ ሐኪሙ፣ ደህና ደመወዝ የሚያገኘው አስተማሪ። እኔ ራሴ የገዛኋት ሌክቸረር ከሆንኩ በኋላ ነው፤ የገዛሁ ዕለት ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሕዝቡማ በሰማያዊና ነጭ ቀለሟ፣ በስሙኒ ሒሳብ የሚሳፈረው በሰይቼንቶ ነበር። ምጥ የያዛት እናት፣ ዶሮ ያንጠለጠለው ገበያተኛ፣ ለፈተና የረፈደበት ተማሪ፣ ሁሉም እዚያች ጠባብ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ሄዷል። የሕዝብ የሚል ስም የነበራት የግለሰብ መኪና ነበረች፤ ሕዝቡን የተሸከመችው ደግሞ ስም እንኳን አልነበራትም። ቁጥር ብቻ!

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከጋራዥ ወጥቶ ታሪክ የሚሆነው።

1966 ዓ.ም. ነው። የዐረብ አገሮች በጣሉት የነዳጅ ማዕቀብ ምክንያት የዓለም ዋጋ ናረ፤ የእኛም ቤንዚን 50 በመቶ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች "ታሪፍ ይስተካከልልን" ብለው ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ዕለት "ሴክተር ሪቪው" የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው አድማ መቱ። ከተማዋ በእግሯ ቀረች። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ጥቂት ቀነሰ፣ የትምህርት ዕቅዱንም ለጊዜው አቆየው፤ ወታደሩ ግን በዚያው ሰሞን በየጦር ሠፈሩ ተነስቶ ነበርና የሚበርድ አልሆነም። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። አባቴ ሥራ ካቆሙት ነጂዎች አንዱ ነበር። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ሰይቼንቷ በሥራ ቀን ደጃችን ቆማ ማየቴንና እናቴ "ነገ ምን ልንበላ ነው?" ማለቷን ነው።

ሰባት ወር እንኳን ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ከሥልጣን መውረዳቸውን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አነበቡላቸው። ከዚያም ሮልስ ሮይሶቻቸውን ትተው በአንዲት ቮልስ እንዲሄዱ ተደረገ። ባለ ሁለት በር ናትና የፊት ወንበር ታጥፎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጎንበስ ብለው ከኋላ ገቡ፤ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦርም ተወሰዱ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር እንደሆነ ባለ ቮልስ ሁሉ ያውቃል። የሦስት ሺህ ዓመት ዘር እቆጥራለሁ ይል የነበረ ዘውድ በባትሪ ላይ ተቀምጦ ከቤቱ ወጣ።

ያንን ጉዞ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ቮልስ በዚያች አጭር መንገድ ታሪክ ውስጥ ገባች። የየካቲቱን የታክሲ አድማ መጻሕፍቱ ይጽፉታል፤ የታክሲዋን ስም ግን ማንም አያነሳም። አባቴ ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ይል ነበር፦ "ያወረድናቸው እኛ ነን፤ ቮልስ ያደረሰቻቸው ብቻ ናት።" በእርግጥ አባቴ ያጋንን ነበር። አድማው ብቻውን መንግሥት አልጣለም፤ ረሃቡ፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ መምህሩ ሁሉ እጁ አለበት። ግን ግነቱ ውስጥ እውነት አለ። የሱሉልታን ዳገት ያቃታት መኪና በቆመች ጊዜ ያን ያህል ከባድ ነበረች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሚዛን እንሂድ፤ ወደ ቅርስነቱ።

ቮልስ በዓለም ላይ 21 ሚሊዮን ተኩል ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። ጣልያን ሰይቼንቶን መሥራት ያቆመው በ1969 ነው፤ ቁጥሯም ሦስት ሚሊዮን አልሞላም። ብርቅነት ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ እንግዲህ ሰይቼንቶ ልትበልጥ ይገባ ነበር። ግን በቡራዩ፣ በሱሉልታና በሰበታ ስዞር ያየሁት ሌላ ነው። ቮልስ ፈላጊ አላት፤ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ሰው ሸራ አልብሶ ያስቀምጣታል፤ ወጣቶች ቀለም ቀብተው ለሠርግ ያወጧታል፤ መለዋወጫዋም ፈልጎ አይታጣም። ሰይቼንቶ ግን "የት አለች?" ብዬ ስጠይቅ ወጣቶቹ መካኒኮች "ምንድን ናት እሷ?" ይሉኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቮልስ በአንድ ሰው እጅ፣ በእሑድ እጥበት፣ በጥላ ሥር አረጀች። ሰይቼንቶ ግን ታክሲ ነበረችና እስከ መጨረሻዋ ሠርታ ሞተች፤ ሞተሯ ተፈታ፣ ላሜራዋ ምናለሽ ተራ ሄዶ ምናልባት ምድጃና ባልዲ ሆነ። በየሙዚየሙ የንጉሥ ካባ ታያላችሁ፤ የዚያን ዘመን ገበሬ ሞፈር ግን ተሰብሮ ምድጃ ገብቷል። የሚተርፈው ያልተሠራበት ነው፤ ብዙ የሠራው አይተርፍም። የአባቴም ሰይቼንቶ እንዲሁ ሄደች። የሸጣት ዕለት ወደ ቤት ይዞት የመጣው ስፖኪዮዋን ብቻ ነበር። ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እስኪሞት ድረስ ጺሙን በእሷ ነው የተላጨው።

አሜሪካኖቹ በዚህ በኩል አንድ ነገር ያስተምሩናል። እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ ስቲቭ ማክዊን "ቡሊት" በተሰኘው ፊልም የነዳት የ1968 ማስታንግ በጨረታ በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተመታች። እድሳት ያልተደረገላት፣ ቀለሟ የተላላጠ መኪና ናት። አንድ ቤተሰብ ለዓመታት አስቀምጧት ነበር፤ እማወራዋም በአንድ ወቅት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትሄድባት ነበር። ገዢው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ለሞተሩ አይደለም፤ ለታሪኩ ነው። የእኛ ሰይቼንቶ ታሪክ አላት፤ ያጣችው ተራኪ ነው።

ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሱሉልታን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ስወጣ አንዲት ነጭ መኪና ድምፅ ሳታሰማ ሽው ብላ አለፈችኝ። ከኋላዋ ያለውን ምልክት አየሁት፤ ያው የእኔው የቮልስ ምልክት ነው! አይዲ ፎር የምትባለው፣ ከቻይና እየገባች ከተማውን የሞላችው የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ናት። የልጅ ልጅ አያቷን ሰላም ሳትል አለፈቻት። ለኤሌክትሪክ ሞተር የአየር መሳሳት ደንታው አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ጊዜው የእነዚህ ነው። ሦስቱ ከተሞችም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ግቢ እየተሸነሸነ ፎቅ ይሠራበታል። አሮጌ መኪና እስካሁን የተረፈው ግቢ ሰፊ ስለነበረ ነው። ግቢው ሲጠብ መጀመሪያ የሚወጣው ምን እንደሆነ እናውቃለን።

በመጨረሻ ሰበታ ላይ ተሳካልኝ። ያ ጣልያንኛ ተናጋሪ መካኒክ "አንድ ግቢ ውስጥ የምትፈልጋትን የምትመስል አይቻለሁ" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ ሞተር የላት፣ መስተዋት የላት፣ ጎማ የላት፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከዝገቱ ሥር ሰማያዊው ቀለም ይታያል። በሩ ወደ ኋላ የሚከፈተው ዓይነት ነው፤ ከ1964 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራች ናት ማለት ነው። ውስጧ ገለባ ተነጥፎ አራት ዶሮዎች ተኝተዋል።

"የአባታችን ነበረች" አለችኝ የቤቱ እመቤት። "ቆራሌው ሁለቴ መጥቶ በኪሎ ልውሰዳት ብሎኛል። ወንድሜም ሽጫት ይለኛል።"

"ሊብሬዋ አለ?"

ገብታ ከሳጥን ውስጥ ይዛ ወጣች። የአባቷ የታክሲ መንጃ ፈቃድም አብሮ አለ። ፎቶው ላይ ኮፍያውን ያዘነበለ ጎልማሳ ሰው አየሁ። ይህ ሰው ያን የካቲት ከአባቴ ጋር አብሮ ቆሞ እንደሆነ ማን ያውቃል? "እባክሽ፣ እህቴ፣ ለቆራሌው አትስጪያት" አልኳት። መኪናዋን ለማንሳት ገንዘብም ቦታም እንደሌለኝ እያወቅሁ ነው ያልኩት። ቢያንስ ወረቀቶቹን እንዳትጥል አስምያለሁ።

በቀጠሮው ቀን ቡራዩ ተመልሼ ፍርዴን ሰጠሁ። "ለዳገት ቮልስ፣ ለውለታ ሰይቼንቶ" አልኩ። ባለ ቮልሱ "ይህ ማሸማገል እንጂ ፍርድ አይደለም" ብለው ተቆጡ። የቀድሞው ሾፌር ግን ዝም አሉ። ቆይተው "የሰበታዋ ሰሌዳዋ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። "ሰሌዳውን አላየሁም፤ ሊብሬዋ ግን አለ" አልኳቸው። "እንግዲያው ውሰዱኝ፤ ምናልባት አውቃት ይሆናል" አሉ።

የፊታችን ቅዳሜ በቮልሴ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያው ዶሮዎቹ ይጠብቋታል።